ባለ ቡሹ በግ

መቼም ሰው ትምህርቱን ሲጨርስ ምን እንደሚሆን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጋውን ይለብሳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ፎቶውን ሳሎን ይሰቅላል፤ ከዚያ ሥራ ፈልጎ ሲያጣ ፎቶውን ቀና ብሎ እያየ ይተክዛል። እኔ የምጠይቃችሁ ስለ በጉ ነው። ሰውየው የተመረቀበት በግ ጥናቱ ሲያልቅ ምን ይሆናል? አስባችሁበት አታውቁም። እኔም አስቤበት አላውቅም ነበር፤ ሳላስብበት እቤቴ ድረስ መጣ እንጂ።

ሰው ሰላም ከመባባሉ በፊት በሚገማገምበት በዚያ ዘመን፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ አንድ የእርሻ ኮሌጅ የቤተ ሙከራ ረዳት ነበርኩ። የኮሌጁን ስም ተዉት፤ እኔም ልተወው እየሞከርኩ ነው። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ አንድ ተመራማሪ መጣና፣ በግ የበላው ነገር ሆዱ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሆን ማወቅ እፈልጋለሁ አለ። እኔ ብጠየቅ ኖሮ በነፃ እነግረው ነበር፤ ከበግ ኋላ የሄደ ሰው ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። ሳይንስ ግን ነገሩን መሃል መንገድ ላይ ይዞ ማየት ይወዳል። ስለዚህ የአንዱ በግ ግራ ጎን በሐኪም እጅ፣ በማደንዘዣ፣ እስከ ጨጓራው ድረስ ተበሳ። ቁስሉ ሲድን አንድ ወፍራም ጥቁር የጎማ ቡሽ ተገጠመለት። ቡሹን ነቅላችሁ እጃችሁን እስከ አንጓችሁ አሹልካችሁ በጉ ጠዋት የበላውን ማውጣት ትችላላችሁ። እሱ ቆሞ ያመሰኳል፤ ምንም አይመስለውም። «እንዴት ያለ ጭካኔ ነው» የምትሉ ካላችሁ ታገሡኝ፤ ጭካኔው ገና አልመጣም።

ተማሪዎች ስም ለማውጣት ማን ብሏቸው። ከፍተው አይተው የሚዘጉት ነገር ስለሆነ «ፍሪጁ» አሉት። ሆዱን በየጠዋቱ የምከፍተው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ጓንቴን ስስብ የሚሰማውን ድምፅ ለምዶት፣ ጧ ሲል ከጉረኖው ጥግ ተነስቶ መጥቶ ግራ ጎኑን ያዞርልኛል። ጎትቼው አላውቅም። አንዳንድ ቀን አርፍጄ ስመጣ ጎኑን አዙሮ ሲጠብቀኝ አገኘዋለሁ። በመሥሪያ ቤታችን ሰዓት አክባሪው እሱ ብቻ ነበር።

ጥናቱ አለቀ። ተመራማሪው መጽሐፉን ሲያስጠርዝ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ፈጣሪን፣ አማካሪዎቹን፣ ባለቤቱንና የባለቤቱን ወላጆች አመሰገነ። እኔና በጉ የለንበትም። እኔስ ይሁን፤ እሱ ግን ሆዱን ከፍቶ ነው የሰጠው። ጎናቸው ያልተበሳው የጥናቱ በጎች ለሠራተኛው በጨረታ ተሸጡና በዓል ሆነው አለፉ። ፍሪጁ ብቻውን ጉረኖው ውስጥ ቀረ። ጠዋት ሳልፍ ግራ ጎኑን ያዞርልኛል። ሥራው መቆሙን የነገረው የለም።

ከዚያ የንብረት አወጋገድ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ውሳኔውን የነገረኝ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ታደሰ ነው።

«በጉ አላቂ ዕቃ ነው» አለኝ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ። «ይወገዳል።»

«እሺ።»

«ቡሹ ግን ቋሚ ዕቃ ነው። ከውጭ አገር የመጣ ነው፣ ቁጥር አለው። ለግምጃ ቤት ተመላሽ ይሆናል።»

«ጋሽ ታደሰ፣ ቡሹ ከወጣ እኮ በጉ ይሞታል።»

«አላቂ የተባለውስ ለዚህ አይደል» አለኝ።

ጋሽ ታደሰ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረው፣ ዕድሜውን በሙሉ መጥረጊያ ሳይጎድልበት የኖረ ሰው ነው። «እኔ በግ ጠልቼ አይደለም፤ ኦዲተር ፈርቼ ነው» አለኝ በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ። አዲስ ተማሪ እስኪገባ ድረስ ጊዜ ሰጠኝ፤ እስከዚያ ወይ በጉን አሳርጄ ወይ ሌላ መላ ፈጥሬ ቡሹን እጁ ላይ ላስቀምጥ።

ሌላ መላ ማለት ምንድን ነው? ሁለት ዓመት ሙሉ እጄን ሆዱ ውስጥ ስከት ኖሬያለሁ። የማንንም የሆድ ዕቃ የእሱን ያህል አላውቅም፣ የራሴን ጨምሮ። እሱን ጎትቶ ለቢላዋ ማቅረብ አቃተኝ። ደሴ ሆጤ የተከራየሁበት ግቢ ሰፊ ነው፣ በጉን የሚያኖርልኝ ደግ ሰው እስካገኝ እዚያ ይቆይልኝ ብዬ ወሰንኩ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይሉ የለ።

ከኮምቦልቻ ደሴ ለመግባት የሐረጎን ዳገት መውጣት ግድ ነው። የሚኒባሱ ረዳት በጉን ጣራ ላይ እንጫነው ሲለኝ ተለማምጬ ከኋላ ወንበር አጠገቤ አስቆምኩት። ጠዋት ደግሞ፣ መንገደኛ ነው ብዬ፣ አልፋልፋ የሚባለውን መኖ በእርጥቡ አጥግቤዋለሁ። እርጥብ አልፋልፋ በግ ሆድ ውስጥ ምን ያህል ጋዝ እንደሚፈጥር ለተማሪ ሳስረዳ የኖርኩት እኔው ነኝ። ማስረዳት ሌላ፣ ማስታወስ ሌላ።

ሐረጎ መሃል ስንደርስ ጧ አለ።

«ጎማ ፈነዳ» አለ ሾፌሩና ጥግ ይዞ ቆመ። እሱ ወረደ፣ ረዳቱ ወረደ፣ ወንዱ በሙሉ ወረደ። ጎማ ፈነዳ ሲባል ለማየት የማይወርድ ወንድ አገራችን ገና አልወለደችም። እየተዘዋወሩ ጎማውን ሁሉ በእግራቸው እየመቱ ይመረምራሉ። ውስጥ የቀረነው እኔ፣ በጉና አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ነበርን። ሽታው የከረመ አተላ ሽታ ነው። አሮጊቷ የነጠላቸውን ጫፍ አፍንጫቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ልጄ፣ ሆድህን ታመሃል?» አሉኝ በሐዘኔታ።

«እኔ አይደለሁም እናቴ፣ በጉ ነው።»

«አብሽር፣ አትፈር። በሁሉም ላይ ይደርሳል» አሉኝ።

ስሜን ለማጥራት ብዬ የበጉን ጎን አዞርኩላቸው። ቀዳዳውን አዩ፣ በቀዳዳውም ውስጥ አልፋልፋውን አዩ። «ቢስሚላህ» አሉና ተነስተው ከሾፌሩ ወንበር ጎን ሄደው ተቀመጡ። ቡሹን ከመካከለኛው ወንበር ሥር አገኘሁት፤ ግን መኪናው እየተናጠ ማን ይገጥመዋል? መዳፌን ቀዳዳው ላይ ከድኜ፣ እንደ ወዳጅ ተቃቅፈን ደሴ ገባን።

አከራዬ እማማ ዘሀራ ባላቸው የሞተባቸው፣ ቦቃ የምትባል ግንባረ ነጭ ላም ያለቻቸው፣ በቦቃ ወተት የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። አንደበታቸው ማር ነው፤ ሲቆጡ ግን ማሩ ንቡንም ጨምሮ ይመጣል። ፍሪጁ ገና በሩን እንዳለፈ ወደሳቸው ሄዶ ግራ ጎኑን አዞረ።

«ምን ሆኖ ነው የሚዞርብኝ ይኸ?»

«ሰላም እያለዎት ነው እማማ።»

ሰላምታውን ለጥቂት ቀን ታገሡት። ከዚያ የቦቃን ድርቆሽ እየተሻማ መብላት ጀመረ። ቡሹም የወጋገን ሰዓት ጠብቆ እየተፈናጠረ የቆጡን ዶሮዎች ማስደንበር ያዘ። አንድ ጠዋት ቡሹ ወተት የያዘው ቅል አጠገብ ሲያርፍ እማማ ዘሀራ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው እኔ በር ላይ ቆሙ።

«አንተ ልጅ፣ ከሁለት አንዳችሁ ከዚህ ግቢ ትወጣላችሁ። ወላሂ ብያለሁ።»

የሳቸው ወላሂ ቀልድ አያውቅም። አረፋም እየደረሰ ስለነበር እኔን ሳያማክሩ የሰፈሩን ሸህ ጠርተው አመጡ፤ በጉን ለዒዱ እርድ ሊሰጧቸው። እኔ በሬን ገርበብ አድርጌ አያለሁ። ፍሪጁ ሸሁን ሲያይ እንደ ልማዱ ሄዶ ጎኑን ሰጣቸው። ሸሁ ጎንበስ ብለው ቡሹን አዩት፣ በከዘራቸው ጫፍም ነካ አደረጉት።

«ይኸ አይሆንም ዘሀራ። ለእርድ የሚቀርበው ከጉድለት የጸዳ ነው።»

እማማ ዘሀራ ተስፋ የሚቆርጡ ሴት አይደሉም። «እንግዲያው ያንተ ቄስ ይውሰዱት» አሉኝና ለጎረቤታችን ለመምሬ ራሳቸው ነገሯቸው። መምሬም መጡ፣ ፍሪጁም ጎኑን አዞረ፣ መምሬም ጎንበስ ብለው አዩ።

«ነውር የሌለበት ነው የሚለው መጽሐፉ» አሉ። «ይኸ ነውሩ ክዳን ሳይቀር ያለው ነው።»

ወሎ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ይጋባል፣ አብሮ ያለቅሳል፣ አብሮ ይቀብራል፤ ሁለት የሚሆነው ቢላዋ ሲመዘዝ ብቻ ነው። ሁለቱ ሃይማኖቶች በሥጋ ጉዳይ አንድ ቃል ሲናገሩ የሰማሁት በዚህ በግ ላይ ነው። እማማ ዘሀራ አዘኑ፣ እኔም ያዘንኩ መሰልኩ። ማታ ግን አንድ እፍኝ ፉርሽካ ጨመርኩለት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት። ግን ጎኑ ክፍት የሆነ በግ አለ የሚል ወሬ ሆጤን ዞሮ አያ እንድሪስ ጆሮ ገባ። አያ እንድሪስ ሞራ ገላጭ ናቸው። የታረደ በግ ሞራ ወደ ፀሐይ ዘርግተው አይተው፣ ዝናቡን፣ መንገደኛውን፣ የጠፋውን ከብት የሚናገሩ ሰው ናቸው። ችግራቸው ከተማ መግባታቸው ነበር። ሞራ ለማየት በግ መታረድ አለበት፤ ለአንድ ጥያቄ አንድ በግ የሚያርድ ደግሞ ሆጤ ውስጥ ከየት ይመጣል? እናም አንድ ጠዋት ጋቢያቸውን ተከናንበው መጥተው ከፍሪጁ ፊት ቆሙ። ፍሪጁም ጎኑን ሰጣቸው።

«ማሻ አላህ» አሉ አያ እንድሪስ። «ሳይታረድ የሚነበብ። አላህ ለደሀ አሰበ።»

«አያ እንድሪስ፣ ይኸ ቀዳዳ እኮ ሞራ አያሳይም። የሚታየው ጨጓራው ውስጥ ያለው ፈርስ ነው» አልኳቸው።

«ሞራም ፈርስም ያለው አንድ ሆድ ውስጥ ነው፤ ጎረቤታሞች ናቸው። የጎረቤቱን ወሬ የማያውቅ ማን አለ?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ግቢው ገበያ ሆነ። አያ እንድሪስ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ እኔን ቡሹን እያስነቀሉ፣ ባትሪ እያበሩ ያነባሉ። ገበሬው ስለ ዝናብ ሲጠይቅ «ሣር ይታየኛል፣ ብዙ ሣር» ይላሉ። ሣሩን ጠዋት ያበላሁት እኔ ነኝ። አንዲት እናት ጅዳ ሄዳ ድምፅዋ ስለጠፋ ልጅዋ ለመጠየቅ መጣች። አያ እንድሪስ ብዙ ከቆዩ በኋላ «ሰማያዊ ነገር ይታየኛል። ባሕሩ ነው። ደህና ተሻግራለች» አሏት። ሰማያዊው ከትናንት ወዲያ ከልብስ ማድረቂያው ገመድ ላይ የበላው ፌስታል ነበር፤ ፈልጌ ያጣሁት። ልናገር አፌን ስከፍት ሴትየዋ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «ተመስገን» አለች። አፌን ዘጋሁ። ፌስታሉን ስትሄድ ጠብቄ በጣቴ አወጣሁት።

ሕዝብ የተሰበሰበበት ቦታ ቀበሌ ሳይመጣ አይቀርም። ሊቀመንበሩ መጥቶ ይህ ስብሰባ ፈቃድ እንዳለው ጠየቀ፤ የለውም። ሕዝቡን በየቤቱ በተነ። ሁሉም ሲወጣ ግን እሱ አልወጣም። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጫማውን አየ፣ ከዚያ ወደ አያ እንድሪስ ጠጋ ብሎ በሚመጣው ሳምንት ግምገማ እንዳለበት ተናገረ። አያ እንድሪስ ባትሪያቸውን አበሩ።

«ገለባ ነው የሚታየኝ» አሉት።

ሰውየው ፊቱ አመድ መሰለ። ለነገሩ ያን ቀን ድርቆሽ አልቆብኝ ነበር።

ግምገማው የሱን ወንበር ነካ አልነካ አላውቅም፤ እኔን ግን ነካኝ። ወሬው ሐረጎን ወርዶ ኮሌጁ ገባ። በስብሰባ ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ተነስቶ፣ ይህ ሰው በመንግሥት ቡሽ የግል ጥንቆላ ያካሂዳል፣ ይህ ጥርት ያለ ኪራይ ሰብሳቢነት ነው አለ። እኔ ከዚህ በግ ያተረፍኩት ሽታ ብቻ መሆኑን ብናገር የሚሰማኝ አላገኘሁም። ጋሽ ታደሰ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ተማሪ ሊገባ ነው፣ ቡሹ ግን የለም፣ አሁን ደግሞ ስሙ በቃለ ጉባኤ ገብቷል። «ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ» አለኝ።

በዚያው ሰሞን ቦቃ ገመዷን በጥሳ ጎረቤት ለፀሐይ የተሰጣ ስንዴ ላይ ደርሳ እንደ ልቧ በላች። ሆዷ ተነፋ። የእንስሳት ሐኪም መጥቶ መድኃኒት ሰጣት፣ እብጠቱም ጎደለ፤ ማመስኳት ግን አቆመች። አገጯ ቆመ፣ ዓይኗ ፈዘዘ፣ ድርቆሹን አሽትታ ትተወዋለች። የማያመሰኳ ላም ሄደች ማለት ነው። እማማ ዘሀራ አጠገቧ ተቀምጠው አንገቷን ያሻሻሉ፤ ቁጣቸው ሁሉ ጠፍቷል።

እኔስ ምን አደርጋለሁ? ከንፈሬን እየመጠጥኩ ስገባ ስወጣ ሰነበትኩ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ለፍሪጁ ድርቆሽ ስሰጥ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ግራና ቀኝ ሲያመሰኳ ሳይ፣ በየዓመቱ ለተማሪ ስናገረው የኖርኩት ነገር ትዝ አለኝ። የሚያመሰኳ እንስሳ ሆድ ውስጥ ለዓይን የማይታዩ ብዙ ሠራተኞች አሉ፤ እነሱ ካለቁ ሣር ከድንጋይ እኩል ነው። መላው ከደህናው ሆድ ቀድቶ ለታመመው ማቋደስ ነው። የሚቀዳለት ደህና ሆድ ደግሞ ክዳን ተገጥሞለት ፊቴ ቆሟል። ሰው እንዲህ ያለ ነገር እያወቀ ስንት ቀን ሲንቆራጠጥ ይከርማል? እኔ ስንቆራጠጥ ከረምኩ።

«እማማ፣ የማያስፈልግዎት ሻሽ አለ?» አልኳቸው።

ለምን ሳይሉ ከራሳቸው ላይ ፈትተው ሰጡኝ። ጓንቴን ስስብ ፍሪጁ ጎኑን አዞረ። ቡሹን ነቅዬ ድንጋይ ላይ አኖርኩ፣ ፈርሱን እያወጣሁ በሻሹ መጭመቅ ጀመርኩ። ይኼኔ የግቢው በር ተከፈተና ጋሽ ታደሰ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ባዶ ፌስታል ይዞ ገባ። የኔን ሁኔታ አላየም። ያየው ድንጋዩ ላይ የተቀመጠውን ቡሽ ነው። አንስቶ በመሐረቡ ጠረገው፣ ቁጥሩን አነበበና ኪሱ ከተተው።

«እግዜር ይስጥህ፣ አዘጋጅተህ ጠበቅኸኝ» አለኝ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ለዚያ አይደለም እኮ —»

«ተወው፣ ጨርሰናል።»

አልጨረስንም። እማማ ዘሀራ ከተቀመጡበት ተነስተው በሩን ቀረቀሩ።

«ላሜ ሳታመሰኳ ከዚህ ግቢ የሚወጣ ሰው የለም» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ቁመህ ከምታይ አፍንጫዋን ያዝልን።»

ጋሽ ታደሰ ኮቱን አወለቀና በኪሱ ካለው ቡሽ ጋር ጥላ ሥር ባለች በርጩማ ላይ አጣጥፎ አስቀመጠው። የገጠር ልጅ ነው፤ የላም አፍንጫ አያያዝ ጡረታ አይወጣም። እሱ ቀና አድርጎ ያዘልኝ፣ እኔ በጠርሙስ እየቀዳሁ ጋትኳት። ቦቃ ግማሹን ዋጠች፣ ግማሹን ሸሚዙ ላይ መለሰችለት። አያ እንድሪስም ወሬ ሰምተው መጥተው ዱአ ጀመሩ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ።

ጋሽ ታደሰ ኮቱን ጭኑ ላይ አድርጎ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠ። ፍሪጁ ጎኑ ክፍት እንደሆነ ነው። ዝንቡ ይመጣል፣ ውስጡ ያለው በጎኑ ይንጠባጠባል። ከሆዴ ከወጣ ክዳኔ ይመለሳል ብሎ የለመደ በግ ነው፤ ቢጠብቅ ቢጠብቅ የሚገጥምለት አጣ። በመጨረሻ ሄዶ ጋሽ ታደሰ ፊት ቆመና ግራ ጎኑን አዞረለት።

ጋሽ ታደሰ በርጩማውን አዙሮ ተቀመጠ። ፍሪጁም ዞረ። ወደ ግድግዳው ጠጋ አለ። ፍሪጁም ጠጋ አለ። አይገፋው፣ አይጮህበት፤ ጎኑን ሰጥቶ ቆሞ ይጠብቃል። ጋሽ ታደሰ መነጽሩን አወለቀ፣ አፍንጫውን በመዳፉ አሻሸ።

«ይኸ በግ ምን ነው የሚለኝ?» አለ።

«መዝጋት ረስተሃል ነው የሚልህ።»

ከዚያ ኮቱን ገልጦ ቡሹን አወጣና፣ ጎንበስ ብሎ፣ እኔ በየጠዋቱ ከማደርገው ይልቅ ቀስ ብሎ ገጠመለት። ጣቱን ዙሪያውን አዙሮ መጥበቁን አረጋገጠ። ፍሪጁ ሥራው እንዳለቀለት ሄዶ ድርቆሹን ያዘ።

ፀሐዩ ሲበርድ የቦቃ አገጭ ተንቀሳቀሰ። አንዴ ግራ፣ ቆየት ብሎ አንዴ ቀኝ። ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ የላም አፍ ያያል። ማመስኳቷን ስትቀጥል እማማ ዘሀራ መሬት ተቀምጠው አለቀሱ። ከዚያ ተነስተው የአያ እንድሪስን እጅ ሳሙ። «ዱአዎ ደረሰልኝ አያ» አሏቸው። አያ እንድሪስም «አላህ ነው» አሉ በትሕትና። የጨመቀው እጄ ገና እየሸተተ ነው፤ የሚስመው ቀርቶ ውኃ የሚያፈስስለት አላገኘም።

«የኔስ ነገር እንዴት ይሁን?» አለ ጋሽ ታደሰ። «ያለ ቡሽ እንዴት እመለሳለሁ?»

«ምን ይመስላል የምትፈልገው?» አሉ እማማ ዘሀራ።

«ጥቁር ነው። ክብ ነው።»

ወደ ጓዳ ገቡና የጀሪካን ክዳን ይዘው ወጡ። ጥቁር ነው። ክብ ነው። ጋሽ ታደሰ አገላብጦ አየው፣ ወደ ፍሪጁ አየ፣ ወደ ቦቃ አየ። ከዚያ ፌስታሉ ውስጥ ከተተውና ኮቱን ለበሰ። የጀሪካኑ ክዳን ግምጃ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ቁጥር ተጽፎበት ተቀመጠ። ጋሽ ታደሰ ኦዲተር እስኪመጣ እንቅልፍ አጥቶ ከረመ፤ ኦዲተሩም መጥቶ ቆጥሮ፣ ልክ ነው ብሎ ሄደ። እሱም በሰላም ጡረታ ወጣ።

ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ ሳልጨርስ እማማ ዘሀራ በሬን አንኳኩ።

«አለሜ፣ በጉ እዚሁ ይቀመጣል፤ ላሜን ከሞት የመለሰልኝ ነው። ከብቱ የታመመበት ሁሉ እየመጣ ነው፣ አያ እንድሪስም የሚቀመጡበት ይፈልጋሉ። ክፍሏን ለሱ ፈልጌያት ነበር።»

«እኔስ እማማ?»

«ከሁለት አንዳችሁ ትወጣላችሁ ብዬህ የለ? ወላሂ ብያለሁ እኮ።»

አሁን የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ለሥራም ይቀርበኛል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ባለፈው እሑድ ናፍቆኝ ጓንቴን በኪሴ ይዤ ሐረጎን ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ገበሬው ጠርሙሱን ይዞ ግድግዳ ተደግፎ ተሰልፏል። ፍሪጁ በቀድሞ ክፍሌ ደጃፍ፣ በቀድሞ ምንጣፌ ላይ ቆሟል፤ ወፍሯል። ከሩቅ አየኝ። ሰውን ሁሉ ትቶ ወደ እኔ ዞረና ግራ ጎኑን ሰጠኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ ጠጋ አልኩ።

«አንተ ልጅ» አሉ እማማ ዘሀራ ከውስጥ፣ «ሰው እየጠበቀ ነው፤ ተራህን ያዝ።»